እድሩ ወንበራችንን የወሰደበት እሁድ

በፕላስቲክ ወንበር ምክንያት የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ የዚያን እሁድ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መምጣት ነበረባችሁ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው ያስለቀሰኝ። ሰው ሲያዝን ቢያንስ «አይዞሽ» የሚለው ያገኛል፤ በወንበር ለሚናደድ ሰው ግን የሚባል ነገር የለም።

ቤተልሔም እባላለሁ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ቤቲ ነው የሚሉኝ። ቀን ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፣ ከሥራ ስወጣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ያኔ ሦስት ሆነን የሮክ ባንድ ነበረን። አብዲ ሊድ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። ዘፈኖቹን የሚጽፈው እሱ ነው፤ አንዱን ስንኝ በኦሮምኛ ይጀምርና በሶማሊኛ ያዞረዋል፣ በአማርኛ ይጨርሰዋል። ድሬ ላይ ሁላችንም የምናወራው እንደዚያ ስለሆነ ማንም ግራ አይገባውም። ድራም የሚመታው ሚኪ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ስፒከር ሲበላሽም የሚጠግነው እሱ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ሮክ መጫወት ማለት ሕይወትን በማስረዳት መጨረስ ማለት ነው። ዝግጅት በሄድንበት ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኪቦርዳችሁ የታለ?» ነው። የለንም ስንል ከንፈር ይመጡልናል። የአብዲ ጊታር ሲንኮሻኮሽ ስፒከሩ የተቀደደ መስሏቸው ድምፅ የሚቀንሱብን የሠርግ ቤት ባለሙያዎች አሉ። ይኼን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት ወንበሩን ነው።

እንግዳ ጠርቶ ማቆም በእኛ አገር ነውር ነው። ዝግጅት አለን ስትሉ ሰው ምን እንደምትጫወቱ አይጠይቃችሁም፤ «ወንበር አገኛችሁ?» ነው የሚለው። እኛም እናገኛለን፣ በረድፍ እንደረድራለን፣ ሰዉ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ እጁን ጭኑ ላይ ያደርጋል። አብዲ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፣ ሚኪ ድራሙን ሊሰብረው ይደርሳል፣ እነሱ በሃይላንድ ውኃና በለውዝ ታጅበው ያዩናል። ዘፈኑ ሲያልቅ በሥርዓት ያጨበጭባሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ወደ እኔ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ አበል የሚሰጠው አሁን ነው ወይስ በስተመጨረሻ ብሎ ጠየቀኝ። ስብሰባ ወይም ሥልጠና መስሎት ነው። እውነቱን ለመናገር አልፈረድኩበትም፤ ስብሰባ ነበር የሚመስለው።

የዚያን ቀን ዕቃችንን ስንሰበስብ አብዲ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኛ የማይረሳኝን ነገር ተናገረ። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራ አጎት አለው፤ ና ሥራ አለልህ እያለ ከጠራው ቆይቷል።

«ቤቲ፣ የሚቀጥለው ዝግጅት ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሙዚቃው ይዞት ከወንበሩ ከተነሳ እቀራለሁ» አለኝ። «ካልተነሳ ግን በማግስቱ ጅቡቲ ነኝ። ዋላሂ አልቀልድም።»

እንደ ሕፃን ነገር ቆጠርኩት፤ ፊቱን ሳየው ግን እንደማይቀልድ ገባኝ። አብዲ ከሄደ ባንድ የለም። ዘፈኖቹ የሱ ናቸው፣ ድምፁ የሱ ነው፣ በከተማው ውስጥ እንደሱ ጊታር የሚይዝ ሌላ ሰው አላውቅም። እናም የሚቀጥለውን ዝግጅት የያዝኩት እንደ ሞት ሽረት ነበር። አንድ ሰው ከወንበሩ መነሳት አለበት።

ቦታው የምናውቀው ሰው ጋራዥ ግቢ ነው፤ እሁድ ከሰዓት ዝግ ነው፣ ትልቅ የኒም ዛፍ አለው። ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ። ከዚያ በፊት ድሬ ላይ ሰው መጥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ሙቀቱ አለ፣ ደግሞ ከምሳ በኋላ ግማሹ ከተማ በርጫ ላይ ተቀምጦ ጫቱን ይቅማል፣ ዘመድህ ነኝ ብትሉትም አይነሳም። ወንበሩን ያገኘነው ከሚኪ ቤተሰቦች እድር ነው። እድሩ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፣ ለአባል ልጅ አይከለክልም። ውሉ ላይ ግን «ለቅሶ ከተፈጠረ ዕቃው ወዲያውኑ ይመለሳል» የምትል ቃል አለች። አነበብኳት፣ አለፍኳት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እሁድ ጠዋት ወንበሮቹን በረድፍ ደርድሬ ጨርሼ፣ ወገቤን ይዤ ሥራዬን እያደነቅሁ ሳለሁ የሚኪ ስልክ ጠራ። አዳመጠና ወደኔ ሳያይ «አቶ ገብሬ አርፈዋል» አለ።

አቶ ገብሬ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ነፍስ ይማር አልኩ። ሚኪ ግን ዓይኑን ከወንበሮቹ ላይ አላነሳም፤ ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ብዙ ሳይቆይ ፒካፕ መጣች። ከጋቢናው የወረዱት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ጸጥ ያሉ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። የመጡት ወንበሩን ሊወስዱ ነው። እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ አፌ አያርፍም። ሰው እንደጠራን፣ ፖስተር እንደለጠፍን፣ ግማሹን እንኳ እንዲተዉልን፣ እስከ ነገ ብቻ እንዲታገሱን ለመንኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ሰውዬው የሞተው ዛሬ ነው። ቀን ቀይርልን ልለው አልችልም።»

ሚኪም አብሮ መሄድ ነበረበት። አባቱን ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ስለዚህ ድንኳን ተከላውም ቀብሩም የቤቱ ተራ ሲሆን የሚወጣው እሱ ነው። ወንበሮቹን እየጫነ እመለሳለሁ አለኝ። መቼ ስለው ቀብሩ ሲያልቅ አለኝ። ቀብሩ የሚያልቀው መቼ እንደሆነ ስጠይቀው እንደ ቄሶቹ ነው አለኝ።

ፒካፗ ስትወጣ ግቢው ባዶ ሆነ። ስልኬን አንስቼ የማውቀውን ሁሉ ለመንኩ። የሠርግ ወቅት ነበር፤ ዕቃ አከራዮቹ የቀራቸው ወንበር የለም። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ ቁልፍ የያዘው ሰውዬ መልካ ጀብዱ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ሆቴሉ ወንበር ከግቢ አይወጣም አለ። ይኼን ሁሉ ስሯሯጥ አብዲ የኒሙ ጥላ ሥር ተጋድሞ ነበር። ቢያንስ ተነስቶ አብሮኝ ቢጨነቅ ምን ነበር?

«አቦ ተይው» አለኝ። «ወንበር ከሌለ ነገሩም አይቆጠርም።»

«ምኑ ነው የማይቆጠረው?»

«ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነው ያልኩሽ። ያልተቀመጠ ሰው ከየት ይነሳል?»

ያለቀስኩት ያኔ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ግትር ሲሆን ምን ይደረጋል? ዛፉን በጫማዬ መታሁት፣ የጎዳሁት ግን ጣቴን ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ በርጫው ተበተነና ሰው መምጣት ጀመረ። እኔ በር ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ወንበሩስ?» ለቅሶ ገጥሞን ነው ስል ፊታቸው ወዲያው ይለወጣል፣ ነፍስ ይማር ይላሉ፣ ማን እንደሞተ ይጠይቃሉ። ኮንሰርት ልታይ የመጣች ልጅ በሀዘን ጭንቅላቷን እየነቀነቀች እጄን ጨበጠችኝ። በዚህ ዓይነት የገባው ሰው በግንቡ ዙሪያ ታክሲ እንደሚጠብቅ ተሰልፎ ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው እንኳ አያውቅም።

ሚኪ የለም። ሰዓቱ አለፈ። አብዲ ጊታሩን ሦስቴ አራቴ ቃኘ፤ ድራም የሌለው ሮክ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ላብ አጠመቀኝ። ሰው መጉረምረም ሲጀምር ሚኪ ከባጃጅ ወርዶ እየሮጠ ገባ። ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አፈር ነው። ከቀብር በቀጥታ መጥቶ ነው።

«ቅር አላላቸውም?» ብዬ ጠየቅኩት። የሟች ቤት ከወንዙ ማዶ ራቅ ብሎ ስለሆነ ድምፃችን አይሰማም፤ ቢሆንም ለቅሶ ነው።

«ጋሽ ታደሰ ራሱ ነው ሂድ ያለኝ» አለኝ። «ሰው ጠርታችሁ የለ እንዴ፣ የጠራ ሰው አይቀርም አለኝ። እንግዶቹ ምን ላይ እንደተቀመጡ ሲጠይቀኝ ቆመው ነው አልኩት። ይኼ ነገር ብቻ ነው ደስ ያላለው።»

ኮቱን ሳያወልቅ ድራሙ ጋ ተቀመጠና መታው።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ምንም የለም። ሁለተኛው ላይ የአንዳንድ ሰው እግር መሬቱን ይመታ ጀመር። ለካ የቆመ ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወሩ አይቀርም፤ ሙዚቃ ካለ ደግሞ ከሙዚቃው ጋር ነው የሚያዛውረው። ከግንቡ እየተላቀቁ ወደ ፊት መጡ። አንድ ወፍራም የባጃጅ ሾፌር መሃል ገብቶ ይዘል ጀመር፤ ሲዘል ቁልፎቹ ከኪሱ ይወድቃሉ፣ ያነሳል፣ ደግሞ ይዘላል። ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያውቁትን ዘፈን አብረው ይጮኻሉ። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ነገር ዓይኔ ፊት እየሆነ ነው። የእግሬ ጣት ቢያመኝም ግድ አልነበረኝም።

በሁለት ዘፈን መሃል ወደ አብዲ ዞር ብዬ «አየህ?» አልኩት።

ከማይኩ ራቅ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ወንበር ስለሌለ ነው የቆሙት። አይቆጠርም።»

በቤዙ አናቱን ልለው ምንም አልቀረኝም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው ላቡን እያንጠባጠበ እየዘለለ እሱ ስለ ውሉ አንቀጽ ይከራከረኛል።

የባሰው ግን ገና ነበር። የጋራዡ በር ተከፈተና ያቺው ፒካፕ እየተንገጫገጨች ገባች። ከኋላ ወንበር ተቆልሎባታል። ጋሽ ታደሰ የሀዘን ነጠላቸውን እንደለበሱ ወረዱ። የተጠራ ሰው ቆሞ መዋሉ ዕረፍት ነስቷቸው፣ የጎረቤት እድር ተጨማሪ ወንበር ሲያውሳቸው ትርፉን ይዘውልን መጥተዋል። ከሀዘን ቤት ተነስተው፣ ለእኛ ሲሉ፣ ከወንዝ ማዶ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል?

ሙዚቃው ቆመ። ወንበሮቹ በሰው ጭንቅላት ላይ እየተቀባበሉ መጡ። የሚዘለው ሁሉ ዝላዩን ትቶ አስተናጋጅ ሆነ። «አንቺ ተቀመጪ»፣ «ኧረ በአላህ አንተ ቁጭ በል»፣ «እሷን አስቀድሙ፣ ደክሟታል»። ማንም ሳያዛቸው ረድፉ ራሱን በራሱ ሠራ። የባጃጁ ሾፌር ሁለቴ እምቢ ብሎ ሦስተኛው ላይ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። አንዲት እናት ለውዝ ከቦርሳቸው አውጥተው አጠገባቸው ላለው ዘረጉ። በደቂቃዎች ውስጥ ስብሰባችን ተመለሰ፤ እጅ ጭን ላይ፣ ዓይን ወደ መድረክ።

ጋሽ ታደሰ በደስታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁልኝና ወደ ለቅሶው ተመለሱ። አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ልበል?

አብዲ አየኝ። «አሁን ይቆጠራል» አለ።

ያንን ዘፈን ያነሳው ሆን ብሎ ይሁን አላውቅም። ሦስቱንም ቋንቋ የሚቀላቅልበት፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ በኋላ የሚፈነዳው ነው። ቤዙን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ አለፈ፤ ዝም። ሁለተኛው አለፈ፤ የሃይላንድ ክዳን ሲከፈት ይሰማል። ዘፈኑ ወደሚፈነዳበት ሲቃረብ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም።

ሚኪ ድራሙን ሲያወርደው የፕላስቲክ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ የባጃጁ ሾፌር ቆሟል። ግን ወንበሩን ባዶ ጥሎ መሄድ ከበደው መሰለኝ፣ ለግራው ጎረቤቱ ሰጠ፣ አልተቀበለውም፤ ለቀኙ ሰጠ፣ እሱም አልተቀበለውም። ግራ ሲገባው ወንበሩን ከነእግሩ ከአናቱ በላይ አንስቶ ይዘል ጀመር። ሳቅ ፈነዳ። ተማሪዎቹ ተነሱ። ከዚያ ረድፉ ሙሉ። የለውዟ እናት ሳይቀሩ ቆመው ያጨበጭባሉ። ከኋላ የነበሩት ወንበሮቹ እንዳይሰበሩ ሰብስበው ግንቡ ሥር ደረደሯቸው፣ የእድር ንብረት ነውና። ሥራቸውን ጨርሰው መጥተው እንደገና ዘለሉ።

እየጮኽኩ ነበር። ማይክ አልነበረኝም፣ ማንም አልሰማኝም፣ ግን እጮኻለሁ። አብዲ ወደኔ አላየም። ዝቅ ብሎ ጣቶቹን እያየ ይጫወት ነበር፤ እንደዚያ ቀን ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም።

ሰው ተበትኖ ፀሐይ ከኒሙ ጀርባ ስትገባ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። እንዳተረፈ ነጋዴ እየኮራሁ «ተነሱ» አልኩት። «ከወንበራቸው። አንድ ሰው አልነበር ያልከው?»

ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ቶሎ አልዘጋውም።

«ትኬቱን ሐሙስ ቆርጫለሁ» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሐሙስ ከእሁድ በፊት ነው። ሰው ተነሳም አልተነሳም እሱ ሊሄድ ወስኖ ነበር ማለት ነው። ጠዋት ዛፍ ስደበድብ፣ በየሆቴሉ ስለምን፣ ይኼ ሰውዬ ጥላ ሥር ተጋድሞ የነበረው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ውርርዱ ምን ነበር?» አልኩት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ እህቶቼን የሚያይ ከእኔ ሌላ ሰው የለም፣ ታውቂያለሽ። አጎቴ ቦታውን ይዞልኛል፣ ከዚህ በላይ አይጠብቀኝም። መሄዴ አይቀርም ነበር።» ሳጥኑን ዘጋው። «ያን ያልኩሽ እንደ ሁልጊዜው ይቀመጣሉ ብዬ ነው። ባይነሱ ይቀለኝ ነበር፣ ቤቲ።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ስድቡም ተዘጋጅቶልኛል። ከዚያ ፊቱን አየሁት፤ እያለቀሰ ነው። አብዲ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሚኪ በሀዘን ኮቱ መጣና እሱም ተቀመጠ። ሲጨልም ወንበሮቹን ጭነን መለስን።

ይኼን ሁሉ የምነግራችሁ ለምን እንደሆነ ሳስብ መልሱ አሁንም ያናድደኛል። እኔ እስከዚያ እሁድ ድረስ ባንዳችን የሚኖረውም የሚሞተውም በሰው እጅ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰዉ ከተነሳ እንኖራለን፣ ከተቀመጠ አለቀልን። በዚህ ስሌት ስንት ዓመት ከተማውን ስረግም ኖርኩ። ሰዉ ግን ተነሳ፤ አብዲ ደግሞ ሄደ። ሁለቱ ነገሮች ለካ አይገናኙም። ሰው ለመቅረትም ለመሄድም የራሱ ምክንያት አለው፣ ጭብጨባ አይለውጠውም። እናንተም አንድ ነገር ይዛችሁ ለመቀጠል ከሌላ ሰው ምልክት የምትጠብቁ ካላችሁ ስሙኝ፤ ምልክቱ የጠየቃችሁትን ያህል ሆኖ ይመጣና ምንም ላያደርግላችሁ ይችላል።

ሰኞ ጠዋት አብዲ ሄደ። እኔ ልሸኘው አልቻልኩም፤ ሥራ ነበረብኝ፣ ልብም አልነበረኝም። ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ ባንዱ መፍረሱን ለሰው እንዴት እንደምናገር ቃሉን እየመረጥኩ ነበር። አንድ ጎልማሳ እያነከሰ ገባ። ለባት ሕመም የሚቀባ ቅባት ፈለገ። ምን እንደነካው ጠየቅኩት፣ ሥራዬ ነው።

«ትናንት ከዚራ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስዘል ዋልኩ» አለ እያፈረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለ። «ደግሞ መቼ ነው?»

ባንዱ ፈርሷል ልለው ነበር፤ ቃሉንም መርጬ ጨርሻለሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በሚቀጥለው ወር» አልኩት፣ ቅባቱን በወረቀት እየጠቀለልኩ። ጊታር የሚጫወት ሰው አልነበረንም።